ቤታችሁ ቀን እንዳያቃጥል፣ ሌሊት እንዳያንዘፈዝፍ፦ የግንባታ ዕቃ አመራረጥ ከጣሪያ እስከ ወለል

ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ካሬው ስንት ይፈጃል?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከሱ እኩል መጠየቅ ያለበት ሌላም አለ። ቤቱ ካለቀ በኋላ በየወሩ ስንት ይበላል? አዳማ ላይ ኤሲ ካልተከፈተ የማይተኛበት መኝታ ቤት አለ። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሂተር ካልተሰካ የማይቀመጡበት ሳሎን አለ። የሁለቱም ዕጣ የተወሰነው ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱና መስኮቱ የተገዙ ቀን ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 1,500 ዋት ሂተር በየማታው 4 ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ እርከን አለው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ሂተሩም ኤሲውም የሚመጡት ከሌላው ፍጆታ በላይ ተደርበው ስለሆነ፣ ውዱን እርከን የሚነኩት እነሱ ናቸው።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል የገንዘብም ቅደም ተከተል ነው። በጀቱ ካጠረ ከላይ ጀምራችሁ እስከምትችሉት ሂዱ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከግድግዳው ማስዋቢያ ቀንሳችሁ ጣሪያው ላይ አውሉት።

1. የቦታችሁን አየር እወቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ችግሯ ብርድ ነው፣ ያውም የሌሊት ብርድ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኑ ይከብዳል፣ በበጋ ግን ሌሊቱ ቀለል ይላል። ሰመራና ጋምቤላ ከዚያም በብዙ ዝቅ ይላሉ። እዚያ በሙቀት ወራት ሌሊቱም አያሳርፍም።

ለእነዚህ ቦታዎች አንድ ዓይነት ፕላን አይሆንም። በተለይ ከውጭ አገር ገንዘብ እየላካችሁ የምታሠሩ ወገኖች ይህን አስቡበት። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ያያችሁት ባለ ትልቅ መስታወት ቤት ሙቀቱን የሚቆጣጠርለት ማሽን ቀን ከሌሊት ይሠራለታል። እዚህ ያ ማሽን የለም፤ ካለም መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

ማወቅ ያለባችሁ ዋናው ነገር በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ላይ ድንጋይ፣ ጡብና አፈር ያዋጣሉ። ሌሊቱም የሚሞቅበት ቦታ ላይ ግን ከባድ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ መኝታ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። የአፋር ሰው ከሰሌን በቀላሉ የሚሠራው ጎጆ ንፋስ የሚያሳልፍ፣ ሙቀት የማያከማች የሆነው በምክንያት ነው።

2. ቤቱን ከፀሐይ ጋር አስማሙት

ይህ ደረጃ አንድ ብር አያስወጣም፤ ፕላኑ ወረቀት ላይ እያለ ካልተሠራ ግን ኋላ አይስተካከልም። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ፀሐይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። በሰኔ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ትሄዳለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ አናት ላይ ትቆማለች። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ፊት ለፊት ይመታሉ።

ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፣ አጭሩ ጎን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ። የደቡብ መስኮት በደጋ ወርቅ ነው። ብርዱ በሚበረታበት በበጋ ወራት ፀሐይ በሱ በኩል ትገባለች። በቆላ ደግሞ እሱኑ መስኮት የጣሪያ ክፈፍ ይሸፍነዋል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 60 ሳንቲ የወጣ ክፈፍ ከሥሩ 95 ሳንቲ ያህል ግድግዳ ያጠላል።

ምዕራቡን ክፈፍ አያድነውም። በዚያው ወር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ያው 60 ሳንቲ ክፈፍ ምዕራብ ግድግዳ ላይ የሚያጠላው 40 ሳንቲ እንኳ አይሞላም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በሥሩ ትገባለች። በቆላ ምዕራብ በኩል መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት ወይም በረንዳ አድርጉ። ዛፍ ካለ አትቁረጡት። በደጋ ግን የምዕራብ ፀሐይ ለማታው ሳሎን ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ሁሉ እንደ ቦታው ነው።

3. ጣሪያ፦ ብዙው ገንዘብ እዚህ ይዋል

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ጣሪያው ነው። የእኛ ጣሪያ ደግሞ አብዛኛው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ውሃ ይከላከላል፤ ሙቀትን ግን ምንም አይከላከልም። ጠንካራ ፀሐይ ሲመታው 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል። በኅዳር ሌሊት ቆርቆሮው ከውስጥ አልቦት ሲንጠባጠብ፣ ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ሲወጣ ብዙ ሰው "ጣሪያው ያፈሳል" ብሎ አናጺ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ፍሳሽ አይደለም። የምንተነፍሰውና የምናበስለው እንፋሎት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ወደ ውሃ እየተለወጠ ነው።

ነጋዴው ጌጅ 28 ከጌጅ 32 ይሻላል ቢላችሁ እውነቱን ነው። ይወፍራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሙቀት ግን በሁለቱም እኩል ያልፋል። ለሙቀት ብላችሁ ወፍራም ቆርቆሮ አትግዙ። ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሠራ።

መጀመሪያ ቀለሙ። በቆላና በወይና ደጋ ነጭ ወይም በጣም የነጣ ቆርቆሮ ምረጡ። ነጭ ጣሪያ ከሚያርፍበት ፀሐይ አብዛኛውን መልሶ ይወረውራል፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ቡኒና ጥቁር አረንጓዴ ግን አብዛኛውን ይውጣሉ። ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያበራ ቀዝቃዛ ይመስላል። ነገር ግን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፣ ሲዝግ ደግሞ ይብስበታል። በደጋ የቀለሙ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅም፣ ደስ ያላችሁን አድርጉ።

ቀጥሎ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ይተንፍስ። በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች ራስ ላይ፣ ከክፈፉም ሥር የአየር ቀዳዳ ይተውለት። ቀዳዳው ላይ አይጥና ወፍ የማያስገባ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። ይህ በቆላ የታመቀውን ሙቀት ያስወጣል፣ በደጋ እንፋሎቱን ያስወጣል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ግን ደጋግሞ የሚረሳ ሥራ ነው።

ሦስተኛው፣ በቆላ፣ አንጸባራቂ ፎይል ነው። ሙቀት ከጋለ ቆርቆሮ ወደ ኮርኒስ የሚወርደው በአብዛኛው በጨረር ነው፤ ፎይል ያንን ጨረር ይቆርጣል። ሁለት ነገር ይጠበቅ። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ክፍት አየር ይሁን፤ ከቆርቆሮ ወይም ከእንጨት ጋር ከተጣበቀ ጥቅሙ ይጠፋል። የሚያብረቀርቀውም ወደ ታች ይዙር፣ ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ተኝቶበት በጥቂት ዓመት ይደበዝዛል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ኮርኒሱ ላይ የሚነጠፈው ነው፤ ፎም (የፍራሹ ሳይሆን ነጩ ቀላል የፖሊስቲሪን ሰሌዳ) ወይም የብርጭቆ ሱፍ (ፋይበር ግላስ)። 8 ሚሊ ቺፕውድ ብቻውን ሙቀትን እምብዛም አይይዝም። 5 ሳንቲ ፎም ከሱ 20 እጥፍ ያህል የበለጠ ይከላከላል። ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ኮርኒስ ካላችሁ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ፎም ለቤቱ ጋቢ ነው ብላችሁ አስቡት። ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ይይዛል፤ ከውጭ የሚመጣውንም ይመልሳል። የመጀመሪያው 5 ሳንቲ ብዙውን ሥራ ይሠራል። ወደ 10 ማሳደግ ይጠቅማል፣ ግን የመጀመሪያውን ያህል አይሆንም። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ሲያጓራም ኮርኒሱ ላይ የተነጠፈው ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ለዚህ የብርጭቆ ሱፉ ይበልጣል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ። ፎም ይነዳል፣ ጭሱም ይገድላል። የመብራት ሽቦ በላዩ ላይ ራቁቱን አይሂድ፣ በቱቦ ውስጥ ይግባ። ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ አምፖሎች ዙሪያ ባዶ ይተው። ማብሰያ ቤቱ ላይ የብርጭቆ ሱፍ ይሁን፣ እሱ አይነድም። ሲነጠፍ ግን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ጣሪያው የሶሌታ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ይጠጣና ማታ ስትተኙ ያወርደዋል። መድኃኒቱ ከላይ ነው፤ ጥላ የሚሰጥ ሽፋን ወይም ፎም ከላዩ መከላከያ ጋር። ከሥር ኮርኒስ መምታት የከፊል መፍትሔ ነው።

4. ግድግዳ

"ጭቃ ቤት ይሞቃል፣ ብሎኬት ቤት ይበርዳል" የሚባለው እውነትነት አለው። ግን ምክንያቱን ሰዎች ሁሉንም ለአፈሩ ይሰጡታል። ጭዱ ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን ጭቃ ቀዳዳ የለውም፤ ምርጉ ሁሉንም ይደፍናል። ብዙ ብሎኬት ቤት ግን የቆሙት መጋጠሚያዎች ሲሚንቶ በደንብ አልተሞላባቸውም፣ ውጭውም ሳይለሰን ዓመታት ይቆያል። ንፋሱ በመጋጠሚያው ይገባል፣ የሐምሌ ዝናብ ብሎኬቱን ያርሰዋል። የራሰ ግድግዳ ደግሞ ከደረቀው ይልቅ ሙቀት ያስወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥርም ከውስጥ ኳርትዝ ቀለም በፊት የውጭውን ልስን አስጨርሱ።

ቁጥሩን እንየው። ባለ 20 ብሎኬት በሁለት በኩል ተለስኖ፣ በውስጥና በውጭ መካከል በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት በአንድ ካሬ 2.3 ዋት ያህል ያሳልፋል። ግድግዳው 100 ካሬ ቢሆን፣ ልዩነቱም 10 ዲግሪ ቢሆን፣ 2,300 ዋት ይሆናል። አንድ ትልቅ ሂተር ሌሊቱን ሙሉ ለውጭው አየር እንደመሥራት ነው። 5 ሳንቲ ፎም ከውጭ ተለጥፎ፣ መረብ ተደርጎበት ቢለሰን ወደ 600 ዋት ይወርዳል።

ፎሙ ከውጭ እንጂ ከውስጥ እንዳይሆን የምመክርበት ምክንያት አለ። ከውጭ ሲሆን ከባዱ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይቀርና የቀኑን ሙቀት ለማታ ያቆይላችኋል። ከውስጥ ፎም የሚሻለው አልፎ አልፎ ብቻ ለምትጠቀሙበት ክፍል ነው፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል።

ለፎም አቅም ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ረድፍ ባለ 10 ብሎኬት፣ በመካከላቸው 5 ሳንቲ ክፍተት፣ በሽቦ ታስሮ ይገንባ። ወይም በፑሚስ የተሠራ ብሎኬት ፈልጉ። ፑሚስ በራሱ አየር የቋጠረ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ ከተራው ብሎኬት ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል።

ቀኑ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ሐረር ጀጎልን እዩ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮት፣ እርስ በርሱ ጥላ የሚሰጥ መንገድ። በ40 ሳንቲ የአፈር ግድግዳ ሙቀት አልፎ ለመግባት 10 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ያኔ ደግሞ ውጭው ቀዝቅዟል፣ መስኮት ከፍቶ ማስወጣት ይቻላል። ባለ 20 ብሎኬት ግን በግማሹ ሰዓት ያህል ያስገባዋል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ የምዕራቡን ግድግዳ ከውስጥ በእጃችሁ ዳስሱት። ገና ትኩስ ነው።

በአፈር መሥራት የሚፈልግ ሰው በማሽን የሚታመቀውን የአፈር ብሎኬት ይመልከት። ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ብቻ ይገባበታል፣ እሳት አያስፈልገውም። ከቦታው አፈር ከተሠራ የመኪና ወጪም ይቀንሳል። የሲሚንቶው ክሊንከር በ1,450 ዲግሪ እንደሚቃጠል፣ አንድ ኪሎ አሉሚኒየም ለማቅለጥ ብቻ 14 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት እንደሚፈጅ ስታስቡ፣ የዕቃው የኃይል ፍጆታ ቤቱ ሳይቆም እንደሚጀምር ትረዳላችሁ። አፈር ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከመሬት 50 ሳንቲ ያህል የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ ክፈፍ፣ ከምስጥ የተጠበቀ እንጨት።

5. መስኮት

መስታወት ትልቁ የሙቀት በር ነው። ከሰዓት በኋላ ምዕራብ የዞረ 3 ካሬ ተራ መስታወት ከ1,000 ዋት በላይ ሙቀት ያስገባል። ኤሲው የሚታገለው ከዚያ ጋር ነው። የውስጥ መጋረጃ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ሙቀቱን ብዙም አያስቀርም፤ መስታወቱን አልፎ ገብቷልና። ጥላው ከውጭ ይሁን። የእንጨት መዝጊያ፣ ሸራ፣ የቀርከሃ መጋረጃ ሁሉም ይሠራሉ። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ባለ እንጨት መዝጊያ መስኮት በብርድም ሌሊት ይዘጋል፣ ጥቅሙ ሁለት ነው።

ስፋቱን ከወለሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብታደርጉት ለብርሃን ይበቃል። የሚያንጸባርቀው ባለቀለም መስታወት ሙቀት ይቀንሳል፤ ክፍሉን ግን ያጨልመዋል፣ ቀን አምፖል ያስበራል። ፍሬሙን በተመለከተ አሉሚኒየም ከእንጨት ከ1,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። በደጋ ጠዋት ፍሬሙ ላይ ውሃ የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ጥሩ ደረቅ እንጨት ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ድርብ መስታወት ጥሩ ነው፣ ኮርኒሱ ላይ ፎም ሳይነጠፍ ግን አትግዙት።

በቆላ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያዩ፣ ሌሊት ንፋስ ያልፍባቸው። ወንፊት ሽቦም አይቅር፤ ወባ ፈርቶ መስኮት የሚዘጋ ሰው ኤሲ ይከፍታል።

6. ወለልና ክፍተቶች

ወለሉ ብዙ አያነጋግርም። በቆላ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ በቀጥታ መሬት ላይ፤ መሬቱ ያቀዘቅዘዋል። በደጋ መኝታ ቤት እንጨት ወይም ፒቪሲ ይሁን። በሁለቱም ከሲሚንቶው ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፣ እርጥበት እንዳይወጣ።

ክፍተት ፍለጋ ግን ጊዜ ስጡት። ንፋስ ባለበት ቀን በርና መስኮት ዘግታችሁ ዕጣን አጭሱ። ጭሱን በመስኮት ጠርዝ፣ በበር ሥር፣ በኮርኒሱ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ጭሱ የሚታጠፍበት ቦታ ብርዱ የሚገባበት ነው። በሲሊኮን፣ በጎማ ወይም በእንጨት ዘንግ ይደፈን። ከሰል የምታጨሱ ከሆነ ግን ክፍሉን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፣ ጭስ ባይታይም ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ለማብሰያ ቤቱም የራሱ መተንፈሻ ይኑረው።

7. ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ

ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ውፍረቱንና የሙቀት ማስተላለፊያ ቁጥሩን። ቁጥሩን ለውፍረቱ በሜትር አካፍሉት። ፎም 0.038 ሲሆን በ5 ሳንቲ፣ ማለትም በ0.05 ሜትር፣ ሲካፈል 0.76 ይመጣል። ቺፕውድ 0.13 በ0.008 ሲካፈል 16 ይሆናል። ያነሰው ይሻላል። በዚህ መንገድ የትኛውንም ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ማስተያየት ትችላላችሁ፤ ጡብ 0.7፣ ሲሚንቶ ኮንክሪት 1.5፣ እንጨት 0.14 ያህል ነው። ቁጥሩን የማያውቅ ሻጭ የአምራቹን ወረቀት ያምጣ።

8. ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ

ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። አንዱን ኮርኒስ ሥር፣ ሌላውን ደረት ላይ በሚደርስ ቁመት ስቀሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሁለቱን አንብቡ። የላይኛው በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ከበለጠ ጥፋተኛው ጣሪያው ነው፣ ከሱ ጀምሩ። በኮርኒሱ መግቢያ ገብቶ ፎም መንጠፍ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ግድግዳ አይፈርስም። ቀጥሎ ክፍተት መድፈን፣ ከዚያ የምዕራብ መስኮት ጥላ፣ ከዚያ የውጭ ልስን። መስኮት መቀየር መጨረሻ ላይ ይምጣ።

9. ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ

የፎሙ ውፍረት፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ብዛት፣ የቆሙት መጋጠሚያዎች በሲሚንቶ መሞላት፣ የክፈፉ ርዝመት በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። "ጥሩ ተደርጎ ይሠራል" የሚለው ቃል አያስጠይቅም። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ራሳችሁ ወይም የምታምኑት ሰው መሰላል ወጥቶ ይይ። በወራጆቹ ዳርና በክፈፉ በኩል ያለውን ጠርዝ በተለይ ተመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ይዘለላል። ውጭ አገር ከሆናችሁ እያንዳንዱ ክፍል ከነሜትሩ ፎቶ ይነሳላችሁ። የኮርኒሱ ክፍያ የሚለቀቀው ፎቶው ከደረሳችሁ በኋላ ይሁን።